የነጭ ድመት የቆዳ ነቀርሳና ሁለቱ የጨረር ሕክምናዎች

ድመት የጎተራ ጠባቂ ናት። ከአይጥ ጥርስ የምታድነው እህል ብዙ ሆኖ ሳለ፣ በታመመች ጊዜ የሚያስታምማት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ነጭ ድመት ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባውን አንድ በሽታ ከነሕክምናው ባጭሩ እንገልጻለን።

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የምትገኘው ኪዋቱሌ ለምድር ወገብ እጅግ ቅርብ በመሆኗ፣ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ብርቱ ናት። ጥቁር ድመት በቆዳዋ ቀለም ትጠበቃለች። የነጯ ድመት የጆሮ ጫፍ፣ አፍንጫና የዐይን ቆብ ግን ጠጕሩ ስስ፣ ቆዳውም ቀለም የሌለው ስለ ሆነ፣ የፀሐይ ጨረር ያለ ከልካይ ይገባበታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ ነጭ ድመቶች ለዚህ ነቀርሳ ከሌሎቹ ከ13 እጥፍ በላይ የተጋለጡ መሆናቸውን አስረድቷል።

በሽታው ሲጀምር ቆዳው ይቀላል፤ ቀጥሎም ቅርፊት የያዘ ትንሽ ቁስል ይሆናል። ባለቤቱም ድመቲቱ ተጣልታ የተቧጨረች መስሎት ቸል ይላል። የጭረት ቁስል ግን ሳይቈይ ይድናል፤ ይህኛው አይድንም።

የጨረር ሕክምናው በሁለት መንገድ ይደረጋል። 1ኛው፣ ስትሮንቲየም 90 የተባለውን ጨረር ሰጪ ነገር በመሣሪያ ጫፍ ይዞ ቁስሉን ማስነካት ነው። ጨረሩ ከጥቂት ሚሊሜትር አልፎ ስለማይዘልቅ ጤነኛውን ሥጋ እምብዛም አይጎዳም። 2ኛው፣ ከውጭ በመኪና የሚላክ ጨረር ነው። ይህ ወደ ጥልቁ ይደርሳል፤ ነገር ግን በብዙ ቀጠሮ ተከፋፍሎ ስለሚሰጥ፣ ድመቲቱ እንዳትንቀሳቀስ በየጊዜው ማደንዘዣ ያስፈልጋታል።

በ2007 በካሊፎርኒያ በወጣ ጥናት፣ አፍንጫቸው ታሞ በስትሮንቲየም ከታከሙት 49 ድመቶች የ43ቱ ቁስል ፈጽሞ ጠፍቷል። በ1995 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከውጭ በኤክስሬይ ከታከሙት 90 ድመቶች፣ በሽታው ሳይመለስባቸው አንድ ዓመት የቈዩት ከመቶ 60 ያህል፣ አምስት ዓመት የቈዩት ከመቶ 10 ያህል ናቸው። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ፊተኛው ይበልጣል ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ስትሮንቲየም የሚመረጠው ቁስሉ ገና ከላይ ላለ ድመት ነውና። በሁለተኛውም ጥናት ቢሆን ይበልጥ የተጠቀሙት ቁስላቸው ትንሽ ሳለ የታከሙት ናቸው። እንግዲህ ከመሣሪያው ይልቅ የሚፈርደው ጊዜው ነው።

እንዲህ ያለው የእንስሳት ሕክምና የሚገኘው በጥቂት አገሮች ነው። በ2016 በሙላጎ የነበረው የኡጋንዳ ብቸኛ የጨረር መኪና በተበላሸ ጊዜ ሰዎችም እንኳ ተቸግረው ነበር። ስለዚህ የኪዋቱሌ ነዋሪ ጨረርን ሳይጠብቅ ወደ እንስሳት ሐኪም ቢሄድ ይበጀዋል። የታመመው የጆሮ ጫፍ በጊዜ ከተቈረጠ ድመቲቱ ብዙውን ጊዜ ትድናለች፤ መስማቷም አይጠፋም።

ለጥንቃቄም ነጭ ድመት በቀትር ከቤት ውስጥ ወይም ከጥላ ሥር ትዋል። ለሰው የተሠራ የፀሐይ ቅባት ስትልሰው ሊመርዛት ስለሚችል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባ። ገበሬም የዐይናቸው ዙሪያ ነጭ የሆኑትን ከብቶቹን ይመርምር፤ ይኸው ነቀርሳ የእነርሱንም ዐይን ያጠፋልና።