«ባልሽ ካልሆነ በምን ትከሽዋለሽ?»

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ከፍቅር ጓደኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ የምንኖረው ግን በየቤታችን ነው። የስልኬን የይለፍ ቃል ሲጠይቀኝ ከፍቅር ቆጥሬው ሰጠሁት። አሁን መልእክቶቼን ሁሉ ያነባል፤ ከጓደኞቼም አራርቆኛል። ባለፈው ወር በጥፊ መታኝ። እንለያይ ስለው ደግሞ ፎቶዎቼን ቴሌግራም ላይ እንደሚለቃቸው ይዝትብኛል። ጓደኞቼ «ባልሽ ካልሆነ በምን ትከሽዋለሽ?» ይሉኛል። ሕጉ አይጠብቀኝም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕጉ ይጠብቅዎታል። ለመክሰስ የጋብቻ የምስክር ወረቀት አያስፈልግም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 16 ማንኛውም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት፣ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወቱ እንዲከበርለት መብት ይሰጣል። ይህን መብት የሚያገኙት ሰው በመሆንዎ ነው።

የሚደባደቡ ጥንዶችን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ነው። ይህ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ባለትዳሮችና ያለ ጋብቻ አብረው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። አብራችሁ ስለማትኖሩ እርስዎን አይመለከትም፤ የሚያጡት ነገር ግን የለም። አንቀጹ የሚመራው በማንኛውም ሰው ላይ ለሚፈጸም ጥቃት ወደሚያገለግሉት ከ555 እስከ 560 ያሉ ድንጋጌዎች ነው። ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጉዳት ያላስከተለ ጥፊም የእጅ እልፊት ስለሚባል ያስጠይቃል። እነዚህ ድንጋጌዎች ጾታ አይለዩም፤ በፍቅረኛው የተደበደበ ወንድም ሊከስ ይችላል።

ወደ ስልክዎ እንሂድ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ለእርስዎ ጉዳይ ብርቱ መሣሪያ ነው። የሰውን የኮምፒዩተር ግንኙነት እየተከታተለ ወይም ስለ ሰውዬው መረጃ ደጋግሞ እየላከ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና የሚያደርስ ሰው እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ከሆነም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ክብርን የሚነካ ምስል ማሰራጨትም በዚሁ አንቀጽ ያስቀጣል። የይለፍ ቃሉን በአንድ ወቅት መስጠትዎ ለዘላለም ፈቃድ ሰጥተዋል ማለት አይደለም። ዛሬ ይቀይሩት፤ እንዳይከታተል መከልከልዎንም በጽሑፍ ይንገሩት።

ስላልጠየቁት አንድ ነገር ልጨምር። የፍቅር ጓደኛ መሆን ለግብረ ሥጋ ግንኙነት የዘወትር ፈቃድ አይሰጥም። በኃይል ወይም በከባድ ዛቻ የሚፈጸም ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር ነው፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ትናንት እሺ ያለች ሴት ዛሬ እምቢ ብትል እምቢታዋ ሙሉ ነው።

መብቱ በእጅዎ ቢሆንም ጊዜና ማስረጃ ሊያሳጡዎት ይችላሉ። እንደ እጅ እልፊትና ቀላል የአካል ጉዳት ያሉ ወንጀሎች በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ናቸው። አቤቱታውም ድርጊቱንና ፈጻሚውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ጥፊው የተፈጸመው ባለፈው ወር ስለሆነ ጊዜው አላለፈም፤ «ይቅርታ ይጠይቅ ይሆናል» እያሉ ግን አያሳልፉት። ሽማግሌ ቢልክም ሽምግልናው ቀነ ገደቡን አያስቆመውም። ከባድ የአካል ጉዳትና አስገድዶ መድፈር ደግሞ በእርቅ የሚቀሩ ጉዳዮች አይደሉም።

ማስረጃዎን እንዲህ ይያዙ፦

• የዛቻ መልእክቶቹን ስልክ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ወዲያውኑ ስክሪንሾት ያንሱ። ቴሌግራም ላይ ላኪው ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላልና ነገ አይበሉ። ቅጂውን ለሚያምኑት ሰው ይላኩ።

• ለስድቡ በስድብ፣ ለዛቻው በዛቻ አይመልሱ፤ መልስዎ በእርስዎ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

• በአካልዎ ላይ ምልክት ካለ ፎቶ ያንሱ። ከፖሊስ ደብዳቤ ይዘው በመንግሥት ሆስፒታል ይመርመሩ።

• የመደፈር ጥቃት ከደረሰ ገላ ሳይታጠቡ፣ ልብሱንም ሳያጥቡ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ሰለባዎች የተቀናጀ አገልግሎት ይሰጣል።

ሲለዩት ብቻዎን ሆነው ቤቱ አይሂዱ። ቁጥጥሩ ከእጁ ሲያመልጥ ጥቃቱ የሚብስበት ጊዜ አለና ውሳኔዎን በስልክ ይንገሩት፤ ወይም ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ቤተሰብ እያወቀ ይሁን። ቴሌግራምዎ በሌላ ስልክ ተከፍቶ እንደሆነ ከማስተካከያው ውስጥ አይተው ያስወጡት።

ለፖሊስ ቃል ሲሰጡ ጥፊውን ብቻ ሳይሆን ዛቻውንም ያስመዝግቡ። ተጠርጣሪው ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ወይም ምስክር ሊያባብል ይችላል ተብሎ ከታመነ ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክለው ይችላል። ዛቻው ግን ዳኛው ፊት የሚቀርበው ከቃልዎ ላይ ከሰፈረ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለዎት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ቅናትን የፍቅር ማረጋገጫ አድርገን የምንቆጥር ሁሉ ይህን ልብ እንበል፦ የሚወድ ሰው አይዝትም፣ አይመታም፣ ስልክ አይበረብርም። ውድ ጠያቂያችን፣ የተፈጸመብዎ ወንጀል ነው፤ ሦስቱ ወር ሳይሞላ አቤቱታዎን ያቅርቡ።