የቅንጦት አውቶሞቢል ኪራይና የነጥብ ዜሮ ዜሮ ጉዳይ

በዛሬው የሒሳብ ዓምዳችን፣ በአሜሪካ የቅንጦት አውቶሞቢል በውል ሲከራይ ወርኃዊ ክፍያው እንዴት እንደሚወጣ እንመለከታለን።

የመኪናው ዋጋ 60,000 ዶላር፣ ውሉ 36 ወር፣ ቅድሚያ ክፍያም የለም እንበል። ውሉ ሲያልቅ መኪናው ያወጣል ተብሎ አስቀድሞ የሚወሰነው ግምት «ቀሪ ዋጋ» ይባላል። 55 በመቶ ከሆነ 33,000 ነው። ተከራዩ የሚሸፍነው የሚቀንሰውን 27,000 ሲሆን፣ ለ36 ሲካፈል በወር 750 ዶላር ይደርሳል።

ወለዱስ? ዋጋውና ቀሪ ዋጋው ተደምረው 93,000፤ ይህ በወለድ ማባዣው፣ በ0.0025፣ ሲባዛ 232.50 ይሆናል። ድምር 982.50፤ ቀረጥ ሳይጨመር ማለት ነው።

ሁለቱ ለምን ይደመራሉ? ዕዳው ከ60,000 ወደ 33,000 ስለሚወርድ፣ አማካዩ የድምሩ ግማሽ ነው። በ2፣ በ12 ወርና በ100 ማካፈሉ ማባዣው ውስጥ ተደብቋል። ስለዚህ 0.0025 × 2,400 = 6 በመቶ የዓመት ወለድ።

ቀሪ ዋጋውን የሚወስነው አከራዩ ድርጅት ነው፤ ማባዣውን ግን ሻጩም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። 0.0030 ቢያደርገው ታዲያ ምን አላት? በ36 ወር 1,674 ዶላር ናታ! ተማሪዎቻችን «ነጥብ ዜሮ ዜሮ ምናምን» ብለው እንዳያልፏት፣ በ2,400 ማባዛቱን እናስለምዳቸው።