በበግ አርቢዎች አገር የቆመው ኮሌጅ



ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነው በአንድ ማታ ክርክር ነው። ከመካከላችን አንዱ ከእራት በኋላ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረ። «ምነው?» ብንለው «ነገ ወደ ቤቴ ነኝ» አለ። «የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ስላልመጣልኝ እዚህ ገጠር ተጣልኩ፤ ተመርቄ ስወጣ ደግሞ ከዚህ የባሰ ገጠር ልጣል ነው። ታዲያ ምን ብዬ ልማር?» ሲል ጨመረበት። ለምን ይዋሻል፣ አብዛኞቻችን ዝም አልን። ነገሩ በየሆዳችን የነበረ ስለሆነ ነው። በመጨረሻ አንዷ ጓደኛችን «እሺ፣ ሌላው አገር ያለ ሰው በገጠር ትንሽ ኮሌጅ ሲማር ምን ይመስላል? እስቲ መጀመሪያ እሱን እንወቅ» አለችና የጥናት ክበባችን ሥራውን ተከፋፍሎ ማንበብ ያዘ። ባለ ሻንጣው ጓደኛችንም «ይህን ሰምቼ እሄዳለሁ» ብሎ ቆየ። ያገኘነውን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ለብቻው ካልጠቀስነው በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

በአሜሪካ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ወይም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባል የትምህርት ተቋም አለ። ትምህርቱ በመሠረቱ የሁለት ዓመት ነው። ተማሪው ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ በአነስተኛ ክፍያ ይማርና ሲጨርስ ወይ ሙያ ይዞ ወደ ሥራ ይገባል፣ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ከሦስተኛ ዓመት ይቀጥላል። እስከ ዛሬ ካሉት የመንግሥት ኮሌጆች የመጀመሪያው በኢሊኖይ ግዛት በጆሊዬት ከተማ በ1901 ሲከፈት የነበሩት ተማሪዎች 6 ብቻ ነበሩ። እኛ በአንድ የመኝታ ክፍል ከዚያ በላይ ነን! ስሙ በሰፊው የተለመደው ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን በ1947 እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉ ካሳሰበ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ እኛን የሳበን የጆሊዬቱ ሳይሆን ከከተማ ርቆ በአሪዞና ግዛት በናቫሆ ሕዝብ ምድር የቆመው ነው። ናቫሆዎች ቀድሞ በጅምላ «ቀይ ሕንዶች» እየተባሉ ይጠሩ ከነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ራሳቸውን የሚጠሩት «ዲኔ» ብለው ነው፤ ትርጉሙም «ሕዝቡ» ማለት ነው። ምድራቸው በሦስት ግዛቶች ላይ የተዘረጋ ሲሆን ስፋቱ ወደ 70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በግና ፍየል ያረባሉ፣ ሱፍ ፈትለው ይሸምናሉ። የጥንት ቤታቸው ሆጋን የሚባል ጎጆ ሲሆን በሩ ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ ነው። ይህን ስናነብ ከመካከላችን የመንዝ ልጅ የሆነው «ይኼማ የእኛ አገር ነው እንጂ!» ብሎ አሳቀን።

የትምህርታቸው ታሪክ ግን የሚያስቅ አይደለም። ከ1864 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከመሬታቸው አፈናቅሎ በእግር እየነዳ ወደ ኒው ሜክሲኮ ወሰዳቸው። ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ደረቅ ስፍራ ታጉረው በረኃብና በበሽታ ተሠቃዩ። በ1868 ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ውል ተፈረመ። በዚያ ውል ስድስተኛ አንቀጽ ውስጥ ለእኛ ለመምህርነት ሠልጣኞች የሚገርም ነገር አገኘን። ይኸውም ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 16 ለሆነና ወደ ትምህርት ቤት ሊመጡ ለሚችሉ ለእያንዳንዱ 30 ልጆች አንድ ቤትና አንድ ብቁ መምህር እንዲሰጥ የሚል ነው። በ1868! ሠላሳ ልጅ ለአንድ መምህር! በማስተማር ልምምድ ጊዜ ስንት ልጅ የታጨቀበት ክፍል እንደገጠመን የምናውቅ እናውቃለን።

ውሉ ግን በወጉ አልተፈጸመም። በኋላ የመጣው ትምህርትም ልጁን ከቤቱ የሚነጥል ነበር። ሕፃናቱ ወደ ሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እየተወሰዱ ፀጉራቸው ይቆረጥ፣ ስማቸው ይለወጥ፣ በእናታቸው ቋንቋ ሲናገሩ ከተገኙም ይቀጡ ነበር። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር 29 ናቫሆ ወጣቶችን መልምሎ በዚያው በተከለከለው ቋንቋ የምሥጢር መልእክት እንዲያስተላልፉ አደረገ። ቁጥራቸውም በኋላ ወደ ብዙ መቶዎች አደገ። በክፍል ውስጥ የሚያስገርፍ የነበረው ቋንቋ በጦር ሜዳ ሕይወት አዳነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሌላ አስተያየት መጨመር አላስፈለገንም።

ውሉ ከተፈረመ ልክ መቶ ዓመት ሲሞላ፣ በ1968፣ ናቫሆዎች የራሳቸውን ኮሌጅ አቋቋሙ። በአሜሪካ በነባር ሕዝብ አስተዳደር ሥር የተቋቋመ የመጀመሪያው ኮሌጅ ይህ ነው። ትምህርት የተጀመረው በ1969 መጀመሪያ ላይ ነው። የራሱ ሕንፃ ስላልነበረው ሜኒ ፋርምስ በምትባል መንደር ከመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ክፍሎች ተዋሰ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሮሰል ነጭ አሜሪካዊ ነበሩ። ወዲያው በ1969 ሥልጣኑን ለናቫሆው ለኔድ ሃታትሊ አስረከቡ። በ1971 ገንዘብ የሚያስገኝለት ሕግ በአገሪቱ ምክር ቤት ወጣለትና በ1973 ሴይሊ ወደምትባል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ወዳለች ቀዝቃዛ ስፍራ ተዛወረ። ኔድ ሃታትሊ ይህን ሳያዩ በ1972 ስለሞቱ ዋናው ሕንፃ በስማቸው ተሰየመ። ኮሌጁ ከ1997 ወዲህ ዲኔ ኮሌጅ ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። እዚያ መማር ምን ይመስላል?

መጀመሪያ ግቢውን ተመልከቱ። እንደ ሆጋን ክብ ሆኖ ነው የተሠራው። መግቢያውም በምሥራቅ በኩል ነው። ተማሪው ወደ ኮሌጅ ሲገባ ወደ ቤቱ የሚገባ ያህል እንዲሰማው ታስቦ ነው። ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጎን የራሳቸው ቋንቋና ታሪክ ይሰጣል። ብዙ ተማሪዎች አፋቸውን የፈቱበትን ቋንቋ መጻፍ የተማሩት ኮሌጅ ከገቡ በኋላ ነው። የባህል ትምህርቱን እንዲያስተምሩ ዲግሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና የባህል ሐኪሞች ጭምር ወደ ክፍል ገቡ። (ይህ በእኛ ዘንድ ቢሞከር ስንት ኮሚቴ ይሰበሰብበት ይሆን?)

ከሁሉ በላይ ያከራከረን የትምህርት ፍልስፍናቸው ነው። ትምህርትን ከአራቱ ማዕዘናትና ከቀኑ ክፍሎች ጋር አያይዘው በአራት ደረጃ ያስቀምጡታል። ምሥራቅና ንጋት «ኒትሳሃኬስ»፣ ማሰብ ነው። ደቡብና ቀን «ናሃጣ»፣ ማቀድ ነው። ምዕራብና ምሽት «ኢና»፣ ያቀዱትን መኖር ነው። ሰሜንና ሌሊት «ሲሃሲን»፣ የተሠራውን መለስ ብሎ መመርመርና በዚያ ላይ እምነት ማሳደር ነው። ከዚያ እንደገና ንጋት ይመጣል። አንዳንዶቻችን «ይኸ እኮ ያው የእኛው የትምህርት ዕቅድ ነው፤ ዝግጅት፣ አቀራረብ፣ ግምገማ» አልን። የሥነ ትምህርት መምህራችን ግን አልተስማሙም። «እናንተ ዕቅድ የምትጽፉት ለእኔ ለማሳየት ነው። ሦስተኛው ደረጃ የታለ? ያቀዳችሁትን ትኖሩታላችሁ?» አሉን። መልስ አልሰጠንም።

በነገራችን ላይ «ናሃጣ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለውን «ጣ» የጻፍነው ተሳስተን አይደለም። የናቫሆ ቋንቋ እንደ እኛው «ጠ»፣ «ጸ»፣ «ጨ» እና «ቀ» ያሉ የሚፈነዱ ድምፆች አሉት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እነዚህን ለማውጣት ምላሳቸው ይተሳሰራል። እኛ ግን ያለ ችግር እንላቸዋለን። በግ «ዲቤ» ይባላል። ይህን ከተማርን ወዲህ ባለ ሻንጣው ጓደኛችን ማለዳ ሲቀሰቅሰን «ተነሡ እናንተ ዲቤዎች!» ማለት ጀምሯል።

ይህን ሁሉ ስንናገር ግን ኮሌጁ ገነት ነው ማለታችን አይደለም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብዙው አስፋልት አያውቅም፤ በረዶና ጭቃ ሲሆን ተማሪው ከክፍል ይቀራል። በዚያ ምድር የቧንቧ ውኃ የሌለው ቤት ብዙ ነው። የ18 ዓመት ወጣትና ልጆቿን ለእናቷ ትታ የመጣች እናት በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ሒሳብ የደከሙ ስለሚኖሩ ከመሠረቱ መልሶ ማስተማር ግዴታ ነው። በጠቅላላው በአሜሪካ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ከሚጀምሩት ብዙዎቹ በጊዜው አይጨርሱም፤ ሥራ ይጠራቸዋል፣ ቤተሰብ ይታመማል፣ ገንዘብ ያልቃል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩትም የተማሩት ሁሉ አይቆጠርላቸውም። ቋንቋውም ቢሆን ኮሌጁ ስላስተማረው ብቻ አልዳነም። ኮሌጁ ሲከፈት ትምህርት ቤት የሚገባው ሕፃን አብዛኛው ናቫሆኛ ተናጋሪ ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ ያለው ጥቂት ነው።

ሆኖም ሌሎች ነባር ሕዝቦች አይተው ተከተሉት። በ1973 ስድስት ኮሌጆች ኅብረት ፈጠሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ30 በላይ ነው። ዲኔ ኮሌጅም በሁለት ዓመት ሳይወሰን ዛሬ በመምህርነት ሙያ ጭምር የባችለር ዲግሪ ይሰጣል። የናቫሆ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ ተምሮ የናቫሆን ልጅ ሊያስተምር ይችላል ማለት ነው። ያን የ1868ቱን ውል አስታውሱት፤ መምህሩን የሚሰጠው ሌላ ሰው ነበር።

በእኛም አገር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ ቋንቋው ተፈቅዶልናል፤ ማንም አይገርፈንም። ታዲያ በክፍል ውስጥ የልጁን ቤት አስገብተናል ወይ? እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ መናገር አለብን።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ከመካከላችን አንዱ በአራተኛ ክፍል ዙሪያን ስለ መለካት አስተማረ። ምሳሌው የመዋኛ ገንዳ ነበር። ገንዳውን በጥቁር ሰሌዳው ላይ አሳምሮ ሣለው፣ ርዝመትና ስፋቱን ጻፈ። ልጆቹ በደብተራቸው ገለበጡና ዝም። «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» ጥያቄ ሲሰጣቸው ግን አንድም እጅ አልወጣም። ቋንቋው የልጆቹ ነው፣ ገንዳው ግን የማን ነው? በማግሥቱ አሠልጣኛችን ስለመከሩት ገንዳውን አጥፍቶ የበግ በረት ሣለ። «ርዝመቱ 12 ክንድ፣ ስፋቱ 8 ክንድ የሆነ በረት ለማጠር ስንት ክንድ አጥር ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቹ 40 አሉ። እሱም «ጎበዞች!» ሊል ሲል ከኋላ ወንበር የማትናገር የነበረች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «38 ነው» አለች። «እንዴት?» ቢላት «በሩንም ያጥሩታል እንዴ? በጎቹ በየት ይገባሉ?» አለችው።

ጓደኛችን መምህሩ እሱ መሆኑን ለአፍታ ረስቶ መሳቁን ነግሮናል። በዕቅዱ ላይ በር አልነበረም። በመጽሐፉም የለም። በረት ዘግታ የምታድር ልጅ ግን ታውቀዋለች። አሠልጣኛችን በአስተያየት መስጫው ወረቀት ላይ የጻፉት «ዛሬ ተማርን» የሚል ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ በዚያ ማታ በተነገረ ጊዜ ባለ ሻንጣው ጓደኛችን ብዙ አልተናገረም። «በእኛ ቀዬ እንኳ ክንድ አንለካም፤ በገመድ ነው» አለና ተኛ። ሻንጣው እስካሁን ከአልጋው ሥር አልገባም፣ አልሄደምም። በሩ አጠገብ ተቀምጦ እያደናቀፈን ነው። እሱ ግን ከትናንት በስቲያ አንድ ባለ ነጠላ መስመር ደብተር ገዝቶ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የቀዬውን መለኪያዎች መጻፍ ጀምሯል፤ እፍኝ፣ ቁና፣ ላዳን፣ ዳውላ፣ ስንዝር፣ ክንድ፣ ገመድ፣ ጥማድ። አንዱ አካባቢ ቁና የሚለው ሌላው ዘንድ ካለው ቁና እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ባወራነው ጊዜ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። የሒሳብ አሠልጣኛችንም ሚዛን እናውሳችኋለን ብለዋል።

በመሆኑም የጥናት ክበባችን ከየአካባቢያችሁ የምታውቋቸውን መለኪያዎች እንድትጽፉልን ይጠይቃል። ስሙን፣ ምን እንደሚለካበት፣ በኪሎ ወይም በሜትር ስንት እንደሚሆን ቢቻል ለክታችሁ፣ ባይቻል ደግሞ ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ። የአካባቢያችሁን ስም አትርሱ። ወረቀቱን በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ በተሰቀለው ሣጥን ውስጥ እስከ ዓርብ ማታ ክተቱ። ቁናና ላዳን ያለው ሰው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዞ ቢመጣ እህሉን እኛ እናቀርባለን።