በዲናሩ ላይ ያለው መልክ፣ በውስጡ ያለው ብር

የንባብ ክፍል፦ ማርቆስ 12፥13-17

ጌታ ስለ ግብር ሲጠየቅ ዲናር እንዲያሳዩት አዘዘ። እስቲ ዛሬ ያንን ሳንቲም ቀረብ ብለን እንየው።

1. ጽሕፈቱ

የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢዎች ብዙውን ጊዜ ይህ ዲናር እ.ኤ.አ. ከ14 እስከ 37 የነገሠው የጢባርዮስ ነው ይላሉ። ክብደቱ 4 ግራም አይሞላም። በፊቱ የቄሣሩ ራስ አለ፤ ዙሪያውን በላቲን ምኅጻረ ቃል የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ መሆኑ ተጽፏል። በጀርባው ደግሞ የሮም ሊቀ ካህናት የሚል ማዕረግ አለ። አያችሁ? ጥያቄው የግብር ብቻ አልነበረም፤ አምልኮም ተነክቶበታል።

2. ብሩ

በጢባርዮስ ዘመን ዲናር ንጹሕ ብር ነበር ማለት ይቻላል። ኔሮን እ.ኤ.አ. በ64 ገደማ ክብደቱን ቀነሰው። ከ193 እስከ 211 በነገሠው በሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ጊዜ ብሩ ወደ ግማሽ ወረደ። በ260ዎቹ መጨረሻማ ዲናርን የተካው ሳንቲም ውስጡ መዳብ ሆኖ ላዩ ብቻ ብር የተቀባ ነበር። የቄሣሩ መልክና ማዕረግ ግን አልተነካም። ሕዝቡም ነቅቶ ደኅናውን አሮጌ ብር እየደበቀ አዲሱን ይከፍል ነበር።

3. ፈተናው

የተጠራጠረ ሰው ሳንቲሙን በስለት ቆረጥ አድርጎ ውስጡን ያይ ነበር። የዛሬ ሰብሳቢዎችም ክብደቱንና ጠርዙን ይመረምራሉ እንጂ በማብለጭለጩ አይገዙም። እንዲያውም እንዲያበራ ተብሎ የተፈገፈገ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል።

ወገኖቼ፣ የቄሣር መልክ ያለበት ለቄሣር ይመለሳል። ስለዚህ በምንኖርበት አገር ግብራችንን ሳንሸሽግ እንክፈል። እኛ ደግሞ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥረናል (ዘፍጥረት 1፥27)፤ ስለዚህ ራሳችን የእርሱ ነን።

ነገር ግን መልኩ እያለ ብሩ ሊያልቅ ይችላል። እሑድ በዝማሬ የምናበራ ሰዎች ሰኞ የሥራ ሰዓታችንን ስንሞላ እውነቱን እንጽፋለን? አገር ቤት ላለችው እናታችን የገባነውን ቃል እንጠብቃለን? ከጉባኤው ማንም በማያየን ቦታ ቆረጥ ብንደረግ ምን ይገኝብናል?

ጌታ ውስጣችንን ይመርምር፤ የጎደለውንም በጸጋው ይሙላ። አሜን።

ለቤት ጥናት፦ በዚህ ሳምንት መልኩ ቀርቶ ብሩ የቀነሰበት የሕይወታችሁ ክፍል የትኛው ነው? በቤተሰብ ተነጋገሩበት፤ ጸልዩበትም።