ውሃ የምታጎድል መኪና ላለዎት ማሳሰቢያ

በየጠዋቱ አንድ ሃይላንድ ውሃ ራዲያተር ውስጥ እየጨመሩ መንዳት ጥገና አይደለም። የሞተር ማቀዝቀዣ ዙሩ የተዘጋ ስለሆነ፣ ጤነኛ ከሆነ ለወራት መጠኑ እምብዛም አይለወጥም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል፤ የወጣበት ቦታ ደግሞ ይገኛል። ይህ ማሳሰቢያ ኮሮላ ዲኤክስም ትሁን ሚኒባስ፣ ዕድሜ የጠገበች መኪና ለሚያሽከረክሩ ሁሉ ነው።

ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ። ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም፤ ፊቱ የሚቃጠለውም እያወቀ የቸኮለ ነው። የላይኛው ማኒኮቶ ቀዝቅዞ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ይጠብቁ፤ ግማሽ ሰዓት ላይበቃ ይችላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ሊያጣምም ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል።

ፍለጋውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይጀምሩ። ማታ መኪናዋን ሲያቆሙ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ያንጥፉ። ካርቶኑ ከፊት በኩል ከረጠበ ራዲያተሩን ወይም የታችኛውን ማኒኮቶ፣ በቺንጋው በኩል ከረጠበ ደግሞ ውሃ ፓምፑን ይጠርጥሩ። ፓምፑ ላይ ሆን ተብሎ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውሃ የሚያግደው የውስጥ ክፍል ሲያልቅ ውሃው በእሷ በኩል ይንጠባጠባል። ቀዳዳዋን መድፈን ትርፉ ድካም ነው፤ ፓምፑ መቀየር አለበት። ኤር ኮንዲሽነር ከፍተው ከነበረ ግን ጥርት ያለ ውሃ ቢንጠባጠብ አይደንግጡ፤ ኩላንት ቀለም አለው፣ በጣት ሲነካም ያሟልጫል። በምላስ ግን አይሞክሩት፤ መርዝ ነው።

ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከጎደለስ? ሞተሩ ሲግል ብቻ የሚያፈስ ቀዳዳ ውሃውን እዚያው ያተነዋል፤ መሬት የሚደርስ ነገር የለም። የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት በፋሼታዎቹ ዙሪያና የራዲያተሩ ፕላስቲክ ከአልሙኒየሙ ጋር በሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ይፈልጉ። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ምንጣፍ ረጥቦ የፊት መስተዋቱ ቅባት ያለው ጉም ከለበሰ፣ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።

ክዳኑን አይናቁ። ብዙ ሰው ውሃው እንዳይፈስ የሚከድን ቆርቆሮ ብቻ ይመስለዋል። ክዳኑ ግን ስፕሪንግና ቫልቭ አለው፤ ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የተጻፈበትም ስንት ግፊት ይዞ መቆየት እንዳለበት ለመንገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ደግሞ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፤ ሞተሩም በደህና ቀን 90 አካባቢ ይሠራል። ክዳኑ ግፊቱን ከያዘ መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ካልያዘ ግን ምንም ቀዳዳ የሌላት መኪና ትፈላለች፣ በመጠባበቂያው ፕላስቲክ በኩልም ውሃዋን ትተፋለች። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጡ ኮፈን ከፍተው ከሚቆሙት መካከል ክዳን ብቻ የጎደላቸው አይጠፉም። ከመለዋወጫው ሁሉ ርካሹ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይፈትሹ፤ ጎማው የደረቀና የተሰነጠቀ ከሆነ ይጣሉት። ሲገዙም ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ የሚመስላቸው ሰዎች ያረጀ ማኒኮቶ ያስፈነዳሉ።

«ቴስታታው ነው፣ ይፈታ» ሲባሉ ወዲያው እሺ አይበሉ። ደህና ጋራዥ በክዳኑ ቦታ የሚገጠም የእጅ ፓምፕ አለው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይነፋና አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይታያል። የግፊት መለኪያው መርፌ ከወረደ ፍሳሽ አለ፣ ውሃውም የሚወጣበትን ራሱ ያሳያል። መርፌው ወርዶ ውጭ ምንም ካልታየ ያን ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ራዲያተር ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስና የቡና ወተት የመሰለ ዘይት ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ። የዘይት ክዳን ሥር የምትታይ ትንሽ ነጭ አረፋ ብቻዋን ግን ማስረጃ አይደለችም፤ ክረምት ላይ አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና ላይም ትታያለች። የሚያረጋግጠው የተቃጠለ ጋዝ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ የሌለው መካኒክ በግምት እየፈታ ነው።

ቴርሞስታቱን አውጥተው አይጣሉ፣ መካኒኩም እንዲያወጣ አይፍቀዱለት። ይህ የተለመደ «መፍትሔ» ሞተሩን ከሚገባው በታች አቀዝቅዞ ነዳጅ ያስበላል እንጂ ፍሳሽ አይደፍንም።

የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ኖራና ዝገት ያስቀምጣል። ኩላንትን ለባትሪ ከሚሸጠው የተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። ቀዳዳ ይደፍናል እየተባለ የሚሸጠው ዱቄትና ፈሳሽ የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎችም ሊደፍን ስለሚችል፣ ከመንገድ ላይ ጭንቀት ውጭ አይመከርም።

የቀሩት ሌላውን ሰው የሚነኩ ናቸው። አሮጌ ኩላንት ቦይ ውስጥ ወይም ግቢ ውስጥ አይድፉ። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ጥቂቱም ይገድላቸዋል። በሃይላንድ ቀድተው ቤት ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ቀለሙ ለልጅ የለስላሳ መጠጥ ይመስላል። በራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

መንገድ ላይ ሙቀቱ ቀዩን ከነካ ተሳፋሪ ቢያጉረመርምም ዳር ይያዙ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትም ያኑሩ። ምልክት አጥተው ድንጋይ ከደረደሩ ግን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ ያንሱ። ማታ የሚመጣው ሹፌር አያየውም።