ከአሮጌ ባሌስትራ ብረት መቁረጫ መሮ ስለ መሥራት

ብረት በእሳትና በመዶሻ የሚጠነክርበትን ምስጢር በገዛ እጁ ሊመረምር የሚወድ ሰው፣ ከጭነት መኪና የወረደ ባሌስትራ ይፈልግ፤ ይህ ብረት ከመቶ 0.6 እጅ ያህል ካርቦን ስላለበት፣ ከተራው ለስላሳ ብረት ይልቅ ስለትን የሚቀበል ባሕርይ አለው። በሥራ ላይ ሳለ የተሰበረውን ግን አይውሰድ፤ ለዓይን የረቀቀ ስንጥቅ አይታጣበትምና።

አስቀድሞ ባሌስትራውን በከሰል ፍም አግሎ አመድ ውስጥ ቀብሮ ያሳድረው፤ በማግሥቱ መጋዝ ይበላዋልና፣ ወርዱ 2፣ ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ያውጣ። ከዚያም ወናፉን እያናፋ፣ ቁራጩ ደማቅ የብርቱካን ኅብር ሲይዝ በጉጠት አውጥቶ፣ በመስፉ ላይ እያገላበጠ ጫፉን ይቀጥቅጠው። ኅብሩ ወደ ጥቁር ቀይ ሲያዘነብል መዶሻውን ገታ አድርጎ ወደ እሳቱ ይመልሰው፤ ፍንጣሪ እስኪረጭ የነጣ ግለት ደግሞ ብረቱን ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለ ብረትም ንስሓ የለውም።

ቅርፁ ሲያልቅ፣ መዶሻ ያወከውን የውስጥ ቅንጣት ሥርዐት ለማስያዝ፣ ሦስት ጊዜ እያጋለ በአየር ያብርደው።

ማጠንከሪያው የሚሠራው በጥላ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን የግለትን ኅብር ይሸሽጋልና። ከስለቱ 4 ሴንቲሜትር ያህሉ ብቻ ይጋል፤ በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማግኔት መያዙን ይተዋል፤ ከዚያ ጥቂት አልፎ፣ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርጎ ይንከረው፤ ዘይቱ እሳት ቢይዝ የሚከደንበት የብረት ክዳንም በአጠገቡ ይኑር። እኔ በጀማሪነቴ ዘይቱን ንቄ በቀዝቃዛ ውሃ የነከርሁት መሮ፣ «ጢቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ከስለቱ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ፤ የሁለት ቀን ድካሜም በዚያች ድምፅ አለቀ።

ሞረድ ቢንሸራተትበት ጠንክሯል ማለት ነው፤ ነገር ግን በዚህች ሰዓት እንደ መስተዋት ተሰባሪ ስለ ሆነ፣ በመዶሻ ሊመታው አይቸኩል። ጥቁረቱን በመሳያ ድንጋይ አሽቶ እስኪያበራ ያጽዳው፤ ከስለቱ ራቅ ያለውንም ወገን በዝግታ ያሙቀው። ያን ጊዜ መጀመሪያ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎም ሐምራዊ ኅብር ተራ በተራ ወደ ጫፉ ሲሄድ ይታያል፤ ሐምራዊው፣ ይኸውም 280 ዲግሪ ገደማ፣ ስለቱን እንደ ነካ ሳይዘገይ ዘይት ውስጥ ይጨምረው። ከሥራው ሁሉ ዓይን የሚያስደስተው ይህ ነው፤ ሠራተኛ የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው።

መዶሻ የሚያርፍበትን ራስ ፈጽሞ አያጠንክር፤ የጠነከረ ራስ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ለስላሳው ራስ በምት ብዛት እንደ እንጉዳይ ሲዘረጋም ጠርዙን በሞረድ ያንሣው።