የአገዛዝ ቃላት በሞያሌ ወሰን

ሀ. ምንባብ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ አንድ ሲሆን መንግሥቷ ግን ሁለት ነው፤ ሰሜኑ ክፍል በኢትዮጵያ፣ ደቡቡ ክፍል በኬንያ ይተዳደራል። የቦረና ሕዝብ ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ይኖራል። ይህን ሕዝብ ለሁለት የከፈለው የወሰን ምልክት ብቻ አልነበረም፤ በውልና በሕግ ላይ የሰፈሩ ቃላትም ነበሩ። እንግሊዝ በምሥራቅ አፍሪካ የተጠቀመችባቸው ቃላት ምንጫቸው ሲመረመር የአገዛዙ ጠባይ ይገለጣል።

«ኢምፓየር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ኢምፔሪየም» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ ይህም የማዘዝ ሥልጣን ማለት ነው። «ኮሎኒ» ማረስ፣ ማልማት ከሚል ግስ ወጥቷል፤ ጥንት ሮማውያን ከአገራቸው ርቀው የሚመሠርቱትን ሰፈር ያመለክት ነበር። «ፕሮቴክቶሬት» ደግሞ መከለል ከሚል ግስ ተገኝቷል። እንግዲህ የመጀመሪያው ቃል አዛዥን፣ ሁለተኛው ገበሬን፣ ሦስተኛው ጠባቂን ያስታውሳል። በተግባር ግን ሦስቱም የባዕድ አገዛዝ ስሞች ሆኑ።

በ1887 ዓ.ም. እንግሊዝ ዛሬ ኬንያ የሚባለውን አገር «የምሥራቅ አፍሪካ ፕሮቴክቶሬት» ብላ ሰየመች። በ1912 ዓ.ም. ግን አገሩ «ኮሎኒ» ተባለ፤ የቀድሞው ስም የቀረው በዛንዚባር ሡልጣን ስም ለሚታወቀው የባሕር ዳርቻ ብቻ ነበር። ትናንት «በጥበቃ ሥር ያለ» የተባለው ነዋሪም ከመንደሩ ሳይነሣ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ ሆነ።

የኬንያዋ ሞያሌ የምትገኝበት አካባቢ «የሰሜን ጠረፍ አውራጃ» ይባል ነበር። አውራጃው በሕግ የተዘጋ ስለ ነበር ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም ክልክል ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1934 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድን ጎሣ በጅምላ «ጠላት» ብሎ ለመሰየም የሚያስችል ሥልጣን ለሹማምንት ሰጠ። እንዲህ የተሰየመው ጎሣ አባል እርሱ ራሱ ባያጠፋም ሊታሰር፣ ከብቱም ሊያዝ ይችል ነበር። አንድ ቃል ከወንጀል ማስረጃ ይልቅ ከበደ።

ኢትዮጵያም የእንዲህ ያለውን ቃል አደጋ ቀምሳለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ቅጂ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትገናኝ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት ለመጠቀም እንደሚቻላት ይናገራል። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። በመቻልና በመገደድ መካከል ያለው ልዩነት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ፕሮቴክቶሬቷ አድርጋ ለአውሮፓ እንድታስታውቅ ምክንያት ሆናት። ጉዳዩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ተለየ፤ በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውልም የውጫሌው ውል ተሻረ። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የደቡቡን ወሰን ሲዋዋሉ እንደ ሙሉ ነጻ መንግሥት መሪ ነበሩ። መሬቱ የሚከፈልበት የቦረና ሕዝብ ግን ከተዋዋዮቹ አንዱ አልነበረም።

የአማርኛ ቃላትም ቢሆኑ ከምርመራ አያመልጡም። «ገዛ» የሚለው ግስ በገንዘብ መውሰድንም ማስተዳደርንም ያመለክታል። «አቀና» የሚለው ቃል የጎበጠን ማስተካከል ማለት ሲሆን፣ በዘመነ ምኒልክ ወደ ደቡብ ለተደረገው ዘመቻም ተነግሮበታል። አገር አቀና ሲባል አገሩ አስቀድሞ ጎብጦ ነበር እንደ ማለት ነው፤ የነባሩ ሕዝብ ሐሳብ ግን በዚህ ቃል ውስጥ አይሰማም።

ኬንያ ታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም. ነጻ ወጣች፤ «ኮሎኒ» የሚለው ስም ከሕጓ ተፋቀ። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በሞያሌ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ ተመረቀ። ወሰኑ ግን በ1900 ዓ.ም. የተጻፈው ውል የወለደው ነው። ቃል በወረቀት ላይ ሲሰፍር ቀላል ይመስላል፤ በሰው ሕይወት ላይ ሲወድቅ ግን ክብደቱ ይታወቃል።

ለ. የቃላት ፍች

ጠረፍ፦ የአገር ዳርቻ
ተዋዋይ፦ ውል የሚገባ ወገን
ተሻረ፦ ተሰረዘ፣ ኃይሉን አጣ
በጅምላ፦ ሳይለይ፣ በጠቅላላው

ሐ. መልመጃ

1. «ኮሎኒ» እና «ፕሮቴክቶሬት» የሚሉት ቃላት ከጥንት ትርጉማቸው ወደ ምን ትርጉም ተለወጡ?
2. የአንቀጽ 17 ሁለት ቅጂዎች በምን ይለያያሉ? ያስከተለውንስ ውጤት አስረዱ።
3. «አንድ ቃል ከወንጀል ማስረጃ ይልቅ ከበደ» የተባለው ስለምንድን ነው?
4. «ገዛ» የሚለውን ግስ በሁለቱ ትርጉሞቹ በየዐረፍተ ነገሩ አስገቡ።
5. በአካባቢያችሁ የሚነገር አንድ የአገዛዝ ወይም የሹመት ቃል መርጣችሁ ምንጩን ሽማግሌዎችን በመጠየቅ አንድ አንቀጽ ጻፉ።